የልብን ሞጁል የተማርንበት ዓመት

«በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ማርመር ያንቺ ነው። ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» አለኝ ናሆም ፊት ለፊቴ ቆሞ። ስጦታ የሚሰጠኝ ነው የሚመስለው።

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ ፋርማሲዎቹ የተደረደሩበት ጋ ነን። እኔ ከአንዱ መውጣቴ ነው። ባለመድኃኒቷ ማዘዣዬን በመስኮቷ መልሳ «የለም የኔ እህት፣ ይሄ መርፌ እኮ ከጠፋ ቆየ» ብላኛለች። በየወሩ የምወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ሳምንት ሆኖኛል። ናሆም ነጭ ጋውኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ስቴቶስኮፑን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ማሂ! ማኅሌት!» እያለ በመኪኖቹ መሀል ተሻግሮ መጣ። ወፍሯል፣ ጢም አውጥቷል፣ ዶክተር ሆኗል። ማርመር ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ልብ ሲመታ በሁለቱ ምቶች መሀል የሚሰማ፣ መኖር ያልነበረበት ድምፅ ነው። የኔ ልብ አለው። ሰውየው እንዴት ነሽ እንኳ ሳይለኝ እሱን ነገረኝ።

«ማኪያቶ ልጋብዝሽ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ጎትቶ ካፌ አስገባኝ። ያኔ፣ አብረን ስንማር፣ እዚሁ መደዳ ላይ አንድ ካፌ ነበረ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ቀይ፣ ማኪያቶው በስምንት ብር፣ ስኳሩ በማንኪያ እንደፈለግሽ። አሁን በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፣ ስኳሩም በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቆጥሮ ነው የሚመጣው። ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነሽ የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ሠላሳ አልሞላኝም፣ ግን ያ ጊዜ የሌላ ሰው ዕድሜ እስኪመስለኝ ድረስ ርቆብኛል። ከሰፈሬ ከሸጎሌ እዚህ ድረስ በታክሲ ሁለት ብር ከምናምን የሚከፈልበት፣ ረዳቱ መልስ ሳንቲም አጥቶ ማስቲካ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ያ ዓመት አንድ ዘፈን ነበረ፣ በየታክሲው፣ በየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ሲጮህ የሚውል። ጸጉረ ጨብራራ ልጅ ነው የዘፈነው። ግጥሙን ማንም አይይዘውም፣ ሁሉም ግን በአፍንጫው ያዜመዋል። እኛ ሴቶቹ ጠባብ ጂንስና ጠፍጣፋ ጫማ፣ ወንዶቹ የሸሚዛቸውን ክንድ እስከ ክርን የሰበሰቡ። ጋውናችንን ያሰፋነው ዊንጌት ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ሰውየው የሁላችንንም ትከሻ ሲለካ «ዶክተር፣ ቀጥ በይ፣ ዶክተር፣ አትሳቂ» ይለን ነበር። ገና አንድ ቀን ሳንማር ዶክተር ብሎ የጠራን እሱ ነው። እኔን ደግሞ የመጨረሻውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የተማርንበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ለዚህ ነገር አያስፈልግም። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በየትምህርቱ ለየብቻ ነበር የሚማሩት። መጀመሪያ የሬሳው ትምህርት፣ ቀጥሎ የሰውነት አሠራር፣ ቀጥሎ ኬሚስትሪው፣ በሽተኛ የሚባል ሰው የሚያዩት ከዓመታት በኋላ። እኛ ስንገባ ሁሉም ተቀላቅሎ ነበር። ሞጁል ይሉታል። የደም ሞጁል፣ የልብ ሞጁል፣ የሳንባ ሞጁል። ልብ ከሆነ ልብ ነው፣ ሥጋው፣ ምቱ፣ በሽታው፣ መድኃኒቱ፣ በሽተኛው የሚኖርበት ቤት ሳይቀር ባንድ ላይ በጥቂት ሳምንት ይወርድብሻል። ሲኒየሮቹ ይስቁብን ነበር። «እናንተ እኮ ፍርፍር ናችሁ፣ እንጀራውን ከወጡ ለይታችሁ አታውቁትም» ይሉናል። እውነት ለመናገር እኔ ወድጄው ነበር። አንድ ነገር ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። አጥንት ስትቆጥሪ ውለሽ ከሰዓት ስለ ድህነት መወያየት፣ ከዚያ ስቴቶስኮፕ ይዞ መሯሯጥ፣ ለኔ የተሠራ ነበር የሚመስለኝ። ፍራቻውም ነበር ግን። ማንም ምን ያህል ማወቅ እንዳለበት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሰፈር ኮፒ ቤት ተሰልፈን፣ ገጹን በሃምሳ ሳንቲም እያስኮፒን፣ ሌላው ምን ያህል እንደያዘ በዓይናችን እንለካካ ነበር። ክምሩ ሲበዛ መጠናት የሚበዛ ይመስለናል። ሬዱ፣ የዶርም ጓደኛዬ ረድኤት፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ ያስኮፒችውን ሃንዳውት ትራሷ ስር አድርጋ ከጸለየች በኋላ ነው የምትተኛው። «ካልገባኝ ይግባልኝ» ትላለች።

ከሁሉም የማልረሳው የወረቀቱን ትምህርት ነው። በትንንሽ ቡድን ተከፍለን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የኛ ቡድን መምህር ዶክተር አስናቀ ይባላሉ፤ ሹራባቸውን በነጭ ጋውን ላይ የሚደርቡ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። ስለ አንድ በሽተኛ የተጻፈ ታሪክ ገጽ በገጽ ያድሉናል። አንዱን ገጽ ሳንጨርስ ቀጣዩን አይሰጡም። መልስም አይሰጡም፤ እኛው ጠይቀን፣ እኛው ጠርጥረን፣ የማናውቀውን እኛው አንብበን መምጣት ነው። አንድ ሰው ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ የምናውቀው፣ የምንጠረጥረው፣ የምናጠናው እያለ። ተቀምጬ መዋል ስለማልችል ብዙ ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የልብ ሞጁል የመጀመሪያው ገጽ መጣ። ዕድሜዋ አስራ ዘጠኝ የሆነ ተማሪ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ሐኪም ቤት ሄደች ይላል።

«እኔም ያጥረኛል» አለ ናሆም። «የግቢው ካፌ ሽሮ ነው።»

«አንተንስ ሆድህ ነው» አለችው ሬዱ። ተሳሳቁ። እኔ ሰሌዳው ላይ «ትንፋሽ ማጠር» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ገጽ፦ በልጅነቷ ጉልበቷና ክርኗ ተራ በተራ እያበጠ ያማት ነበር። ጻፍኩ። ሦስተኛው ገጽ፦ ጉሮሮዋን ቶሎ ቶሎ ያማት ነበር፤ ሐኪም ቤት አልወሰዷትም፤ እንጥሏን ሰፈር ውስጥ ነው ያስቆረጧት፤ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው። እዚህ ላይ እጄ ቆመ። እኛ ቤት፣ ሸጎሌ፣ አባቴ የከብት ደላላ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ እየተጋፋን ነው ያደግነው። እንጥሌን የቆረጡኝ አዛውንት ምላጭ የታሰረበት ሽቦ በመሐረብ ጠቅልለው እንደመጡ አስታውሳለሁ፤ እናቴ ጭንቅላቴን በጉልበቷ መሀል ይዛ «አለቀ፣ አለቀ፣ የኔ ጀግና» ስትለኝ። ጉልበቴ አብጦ ትምህርት ቤት የቀረሁበትን ጊዜ ደግሞ ቤታችን ቁርጥማት ብሎ አልፎታል።

«ጸሐፊ፣ ምነው ቆምሽ?» አሉኝ ዶክተር አስናቀ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሕክምና የሚማር ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ባለፈው ሞጁል፣ የደሙ ጊዜ፣ ሁላችንም ደም ማነስ ነበረብን። ናሆም የደም ካንሰር ይዞኛል ብሎ ሁለት ቀን ምሳ አልበላም። የምናነበው በሽታ ሁሉ ይይዘናል፤ በየባቹ ያለ ነገር ነው፣ ስምም አለው።

«ተጀመረ!» አለች ሬዱ። «ማሂ ዘንድሮ ቀደመችን!»

ዶክተር አስናቀም ፈገግ አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ የስንቱን ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተዋል። «አይዞሽ፣ ሞጁሉ ሲያልቅ አብሮ ይለቅሻል» አሉኝና አራተኛውን ገጽ አደሉ። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ማርመር ሰማ ይላል። ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት የማዳመጥ ልምምድ ነበረን። አልጋ፣ መጋረጃ፣ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀዳ የልብ ድምፅ አለ፤ እሱን ሰምተን ከዚያ እርስ በርስ እንደማመጣለን፣ ሴት ለሴት ወንድ ለወንድ። ጤነኛ ልብ እንሰማለን ብለን ነው። ሬዱ የኔን ስታዳምጥ ግንባሯ ተቋጠረ። ስቴቶስኮፑን ከጆሮዋ አውጥታ በጣቷ መታ መታ አድርጋ መልሳ አስገባች። «ምቱ ሉብ ካለ በኋላ ሽሽሽ የሚል ነገር አለው። የኔ ማዳመጫ ነው የተበላሸው?» የሌላ ልጅ አመጣች። ያው ነው። ናሆም ከመጋረጃው ውጭ «እኔም ልስማ፣ በቲሸርቷ ላይ ብቻ፣ በእናታችሁ!» እያለ ይለምናል። ፈቀድኩለት። ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። እንደዚያ ቀን የበራ ፊት አላየሁም።

«ልጆች፣ ማሂ ታፏጫለች! ልክ እንደ ኮምፒውተሩ!»

አስተማሪው ወጣ ብለው ነበር። ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። የሌላው ቡድን መጣ፣ ከዚያ ሌላው፤ መጋረጃው ጋ ወረፋ ያዙ። እየገቡ ያዳምጣሉ፣ እየወጡ «ሰማሁ!» ይላሉ። አንዷ አመሰገነችኝ። አንዱ «ባክሽ ትንሽ ትንፋሽሽን ያዢልኝ» አለኝ። እኔም ተኝቼ እስቅ ነበር፤ እንዲህ ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም። የሞጁሉ ፈተና ላይ ድምፅ ለዩ ተብለን ከሁሉም ቡድን የተሻለ ውጤት ያመጣው የኛ ቡድን ነው። ዓርብ ተፈተንን፣ ቅዳሜ ተኛን፣ ሰኞ የሳንባ ሞጁል ተጀመረ። ያን ልብ ከሰሙት ሁሉ አንድ ሰው፣ እኔ ራሴ ሳልቀር፣ ይህን ነገር ሐኪም ይየው አላለም። ልብ ያለፈው ሳምንት ትምህርት ነበር።

ሳንባ ላይ ሳለን ሳል ያዘኝ። ሳቁ። የሳንባ ሞጁል ላይ ማን የማይስል አለ! እግሬ ማበጥ ሲጀምር ጠፍጣፋ ጫማዬን ትቼ የሬዱን ነጠላ ጫማ ተዋስኩ። አንድ ጠዋት ወደ ላብራቶሪ የሚወጣው ደረጃ መሀል ላይ አየሩ አለቀብኝ። ወደ ላይ የሚሮጡ ተማሪዎች እግር ነው የማስታውሰው፣ ከዚያ የዶክተር አስናቀ ሹራብ ከፊቴ ላይ። ስቴቶስኮፑን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

ከልቤ በሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ የወጣው ደም ከፊሉ ወደኋላ ይመለሳል። የልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ነው ያመጣው። ሐኪም ቤት ተኛሁ። ቡድኑ በሙሉ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እናቴ አልጋው ራስጌ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሬዱ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ናሆም ግን ዓይኑ ደረቴ ላይ ነው። «አሁን ድምፁ ተቀይሮ ይሆናል እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዴ ብቻ?» ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ማወቅ የሚወድ ልጅ ነበር። እናቴ ተነስታ ነጠላዋን ደረቴ ላይ ጣል አደረገችብኝ።

«ልጄን ታስተምሯታላችሁ ብዬ ነበር የሰጠኋችሁ» አለቻቸው። «ለካ የምትማሩባት ናት።»

ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ሞጁል ሰው አይጠብቅም። በድሮው ትምህርት ቢሆን ያመለጠሽን ለይተሽ ትወስጅ ነበር፤ በኛ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ስለተሰፋ አንድ ያመለጠው ከቀጣዩ ባች ጋር ከመጀመሪያ ነው የሚጀምረው። ዓመቱን ሸጎሌ ቤታችን በር ላይ፣ የበግ ገበያ የሚሄደውን የሚመለሰውን እያየሁ ጨረስኩት። ተመልሼ ሄድኩ፣ አልሄድኩም አይደለም። ከኔ በዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ወረቀቶቹ ያው ስለሆኑ የማውቀውን እንዳልናገር ተነገረኝ፣ ለነሱ እንዳላበላሽባቸው። ደሙን እንደምንም ጨረስኩ። የልቡ ሞጁል ሊገባ ሲል መማሩ ሳይሆን ያ አልጋ ነው የታየኝ፣ ያ መጋረጃ። ሻንጣዬን ሸክፌ ወጣሁ። እናቴ ለምን አላለችኝም። አባቴ ብቻ ለጎረቤት «እረፍት ላይ ናት» ሲል ከረመ። ከዚያ ወዲህ ያልሠራሁት የለም። የሞባይል ሽፋን ሸጥኩ፣ ኮፒ ቤት ቆምኩ፣ ትኬት ቆረጥኩ። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት አልሞላሁም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴ ብቻ ነው የትም ቦታ የምይዘው። መርፌውን ግን እስከዚህ ሳምንት ሳላቋርጥ ተወግቻለሁ። ልቤ ከዚህ በላይ እንዳይበላሽ የሚያግደው እሱ ብቻ ነው፤ ቀኑ ባለፈበት በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ጉሮሮዬን ከርክሮኛል፣ ከስጋት እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ናሆም ይህን አላወቀም። ማኪያቶው እስኪመጣ ስለ ሬዱ ነገረኝ፣ ክፍለ ሀገር ሆና የማህፀን ሐኪም ልትሆን እየተማረች ነው። ዶክተር አስናቀ ጡረታ ወጥተዋል። እሱ ራሱ አሁን ያንን ትምህርት፣ ገጽ በገጽ የሚታደለውን፣ ያስተምራል።

«የዛሬ ልጆች ግን ምን ልበልሽ» አለኝ። «ሁሉንም ስልካቸው ላይ ነው የሚሰሙት። ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ያውቁታል። ሰው አያውቁም። ገባሽ? በሽተኛ ፊት ሲቆሙ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ አያውቁም።»

«እኛስ እናውቅ ነበር?»

«እኛ አንቺ ነበርሽና!» ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፣ ሊለምን ሲፈልግ ያደርግ እንደነበረው። «ማሂዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እምቢ ካልሽ በቃ አልቀየምም። ሐሙስ የልብ ሞጁል ላይ ናቸው። አንዴ ብትመጪልኝ። እንደ ድሮው ሰልፍ የለም፣ በሥርዓት ነው፣ አስፈቅደን፣ ሴቶቹ ብቻ። ያንቺን ያህል ጥርት ያለ ድምፅ ደግሜ አልሰማሁም፤ ማለቴ… ኮምፒውተሩ ያንን አይሰጥም።»

ስኒውን አስቀመጥኩ። ማዘዣዬ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከገባን ጀምሮ። ናሆም አላየውም።

«ሰምተው ሲያበቁስ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

«ይጽፋሉ፣ ከዚያ እንወያያለን። ለምን መጣ፣ የትኛው በር ነው…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈተና።»

«ከዚያስ ናሆም?»

«ከዚያማ ሳንባ…»

አልጨረሰውም። ጋውኑን ከክንዱ አውርዶ ወንበሩ ላይ አደረገው። ውጭ ረዳት «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ፣ የሞላ» ይጮሃል። ናሆም ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማዘዣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። አነሳው። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ።

«ቀኑ መቼ ነበር?»

«ሳምንት አለፈው።»

«ሳምንት ሙሉ የት ነበርሽ?»

«ፋርማሲ።»

«ጉሮሮሽስ?»

«ከርክሮኛል።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ስልኩን አወጣ። አንዱን ጠየቀ፣ የለም አለው። ሌላውን፣ ስልኩ አይነሳም። ሦስተኛዋን «እባክሽ እህቴ፣ የራሴ ሰው ናት፣ የትም ይሁን» አላት፤ ከዚያ ያዳምጣል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ጠጣሁት።

«ዊንጌት ጋ አለ» አለኝ ስልኩን ዘግቶ። «ትልቁ አደባባይ ሳትደርሺ በግራ፣ ክሊኒኩ ሥር ያለው ፋርማሲ። ስሜን ጥሪላቸው። እዚያው ይወጉሻል፣ ጉሮሮሽንም ያዩልሻል። እስክትደርሺ አይሸጡትም። ልሸኝሽ?»

«አውቀዋለሁ ቦታውን።»

ተነሳሁ። እሱም ተነሳ። በሩ ድረስ ተከተለኝ፣ ጋውኑን ወንበሩ ላይ ረስቶት።

«ማሂ» አለኝ። «ሐሙስስ?»

ማዘዣዬን ከእጁ ተቀብዬ ዊንጌት የሚለው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።